ፈተናውን ያለፈ ክንፍ ለምን እንዲቀየር ተደረገ?

የተላከልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በ2024 በባኩ የፎርሙላ ዋን ውድድር የማክላረን መኪና የኋላ ክንፍ በሩጫ ላይ ብድግ ሲል በቪዲዮ አይተናል። ክንፉ ፈተናውን አልፏል ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሊስተካከል ነው ተባለ። ሕጋዊ ከነበረ ለምን ይቀየራል? ሕገወጥ ከነበረስ ለምን አልተቀጣም? የመርሴዲሱ ሾፌር ሃሚልተን በ2021 ብራዚል ላይ ውጤቱ የተሰረዘው በ0.2 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ ነው እንዴ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ያን ቪዲዮ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደጋግሜ ነው የከፈትኩት። ሥራዬ የካርቦን ፋይበር ክፍሎች ዲዛይን ስለሆነ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መልሴን ላስቀድም። በሃሚልተንና በማክላረን መካከል ፊት አይቶ መፍረድ አልታየኝም። ሁለቱን የነኳቸው ሕጎች ዓይነታቸው የተለያየ ነው። ይህን ስል ግን ቅሬታዎ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ፍትሕ የሚጎድልበት ቦታ አለ። የሚጎድለው ግን አዲሱ ፈተና በሚወጣበት ጊዜና በተዘጋ በር በሚደረገው ንግግር ላይ ነው።

ከክንፉ ልነሳ። የፎርሙላ ዋን መኪና ክንፍ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። የአውሮፕላኑ ወደ ላይ ያነሳል፣ የመኪናው ወደ ታች ይጫናል። ጎማው አስፋልቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ የሚያደርገው ይህ ግፊት ነው። ኩርባ ላይ ወርቅ ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ ግን ዕዳ ይሆናል፣ ምክንያቱም ያው ክንፍ አየሩን እየታገለ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ግፊቱ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ወደ 300 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ክንፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ዲዛይነሩ የሚመኘው እዚህ ላይ ነው። ኩርባ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ረጅሙ መንገድ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ የሚያስተኛው ክንፍ ቢያገኝ ሞተር አያስፈልገው፣ ቁልፍ አያስፈልገው። ፍጥነቱ ሥራውን ይሠራለታል።

የፊት ክንፉ ጥቅም ትንሽ ይለያል። ቀስ ባለ ኩርባ ላይ የመኪናው አፍንጫ አልታጠፍም ይላል። በፈጣን ኩርባ ላይ ደግሞ የኋላው ጎማ መንሸራተት ይጀምራል። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ ማስተካከያ ማግኘት ከባድ ነው። የፊት ክንፉ በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ትንሽ ተጣጥፎ ኃይሉን ከቀነሰ ግን መኪናው በሁለቱም ቦታ ሚዛኑን ይጠብቃል። በ2024 እና በ2025 ቡድኖቹ አጥብቀው የተጨቃጨቁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የመኪናውን የአየር ፍሰት የሚነካ ክፍል በጥብቅ የታሰረና የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት ይላል። ለዲአርኤስ፣ ማለትም ሾፌሩ በቁልፍ ለሚከፍተው የኋላ ክንፍ፣ ብቻ ልዩ ፈቃድ ነበረው። ክንፍ ሲላላ ምን እንደሚያመጣ ስፖርቱ በከባድ መንገድ ነው የተማረው። በ1969 በስፔን ግራንድ ፕሪ፣ ባርሴሎና ሞንትዩክ ላይ፣ የሎተስ ሾፌሮች ግራሃም ሂልና ዮኬን ሪንት በቀጫጭን ዘንግ ላይ ከፍ ብለው የተተከሉ ክንፎች ነበሯቸው። የሁለቱም ክንፍ በሩጫ መሐል ተሰበረ። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ተጋጩ፣ ሪንት ተጎዳ። በቀጣዩ የሞናኮ ውድድር ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ ረጃጅሞቹ ክንፎች ታገዱ።

ችግሩ ግን «የማይንቀሳቀስ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በዓለም ላይ የማይታጠፍ ነገር የለም። ብረትም ይታጠፋል፣ ድልድይም ይታጠፋል። ቃሉን ፊደል በፊደል ከወሰድነው በመስመሩ ላይ የቆመ መኪና ሁሉ ሕገወጥ ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ኤፍአይኤ፣ ከመርሁ ሥር ቁጥር አስቀመጠ። ይህን ያህል ኪሎ ሲጫንበት ከዚህ ያህል ሚሊሜትር በላይ አይውረድ ይላል። መርሁ ስለ መንገዱ ይናገራል። ቁጥሩ የሚለካው ግን መኪናው ቆሞ፣ በፍተሻ ቦታ፣ በተወሰነ ነጥብ ላይ ክብደት ተጭኖ ነው። የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መኖሪያ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ክፍተቱን ከቅርብ ላሳይዎት። ካርቦን ፋይበር ወደ ሥራ ቦታ ሲመጣ ጥቁር ጨርቅ ነው። ከማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቅሉን ያወጡታል፣ በሙጫ የራሰ ስለሆነ ጓንት ላይ ይጣበቃል። በመቀስ ወይም በማሽን ይቆረጥና ቅርጽ ማውጫው ላይ ንብርብር በንብርብር ይነጠፋል። እያንዳንዱ ንብርብር በስንት ዲግሪ እንደሚዘረጋ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ክሮቹ የክንፉን ርዝመት ተከትለው ከሄዱ መታጠፍን ይቋቋማሉ፣ መጠምዘዝን ግን ያን ያህል አይከላከሉም። በሰያፍ፣ ያውም ወደ አንድ በኩል ብቻ፣ ከተዘረጉ ደግሞ ቁራጩ ሲታጠፍ አብሮ ይጠመዘዛል።

ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም። ውፍረታቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። የአንዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ስጫነው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሁለተኛው እየወረደ ይዞራል። ልዩነቱ ያለው ንብርብሩ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከላይ ወደ ታች በአንድ ነጥብ ላይ የሚጫን ከሆነ፣ ጎበዝ ዲዛይነር በዚያ አቅጣጫና በዚያ ነጥብ ላይ ክንፉን ድንጋይ ያደርገዋል። ሩጫ ላይ አየሩ መላውን ገጽ ሲጫነው ግን ክንፉ በሌላ መንገድ ይንቀሳቀሳል። ፈተናውን አልፏል ማለት ውሸት አይደለም። መንገድ ላይ ይንቀሳቀሳል ማለትም ውሸት አይደለም።

ይህ ማጭበርበር ነው ወይ? በእኔ እምነት አይደለም። ቡድኑ የታወቀውን ፈተና አይቶ ሠርቷል፣ ሁሉም ቡድኖች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ግን ሕጉ ሌላም አንቀጽ አለው፣ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚያ ነው ያለው። መኪናው እየሄደ የሚንቀሳቀስ የሚመስል ወይም የሚጠረጠር ማንኛውም ክፍል ላይ ኤፍአይኤ ተጨማሪ ፈተና የማምጣት መብት አለው። ስለዚህ ዛሬ ያለፈ ክንፍ ለነገም ዋስትና የለውም። ይህን ቡድኖቹ ገና ሲሠሩት ያውቁታል።

እንግዲህ ብራዚል። በዲአርኤስ የተከፈተው ክንፍ ክፍተት ከ85 ሚሊሜትር መብለጥ አልነበረበትም። አለካኩ ቀላል ነው። ስፋቱ 85 ሚሊሜትር የሆነ መለኪያ ክፍተቱ ላይ ተደርጎ እስከ 10 ኒውተን በሚደርስ ኃይል ይገፋል፣ ይህም የአንድ ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህል ነው። መለኪያው ሾልኮ ካለፈ ክንፉ ወደቀ። በሃሚልተን መኪና ላይ አለፈ። ዳኞቹ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው አላሉም፣ የሆነ ነገር ተበላሽቶ እንደሆነ ተቀብለዋል። ቢሆንም ከማጣሪያው (የመነሻ ቦታ ከሚወሰንበት ዙር) ውጤት ሰረዙት። ቁጥር ያለው ሕግ ስለ ሐሳብ አይጠይቅም። በ2024 ቤልጂየም ላይ ጆርጅ ረስል አሸንፎ ከጨረሰ በኋላ መኪናው 1.5 ኪሎ ቀሎ ስለተገኘ ድሉን አጥቷል። ያው ሕግ፣ ያው ጭካኔ። (ሃሚልተን በ2021 ብራዚል ላይ ቅዳሜ በአጭሩ ውድድር ከመጨረሻው ቦታ ተነስቶ 5ኛ ወጣ፣ እሑድ ደግሞ ከ10ኛ ተነስቶ አሸነፈ። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፣ በዓይኔ ካየኋቸው የሩጫ ቀናት እጅግ ድንቁ ነው።)

ባኩ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር አልነበረም። የማክላረኑ ፒያስትሪ በ20ኛው ዙር የፌራሪውን ለክሌርን አለፈው፣ ከዚያ በኋላ ለክሌር ዲአርኤስ እየከፈተ ቢያሳድደውም ማለፍ አቃተው። በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ በኋላ ካሜራ የሚታየው የማክላረን ክንፍ የላይኛው ቁራጭ የፊት ጠርዝ፣ በሁለቱም ጫፍ በኩል፣ ብድግ ይላል። ዲአርኤስ ግን አልተከፈተም። ክፍተቱ በጥቂቱ ይሰፋል፣ መጎተቱም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስሙን «ሚኒ ዲአርኤስ» ያሉት ለዚህ ነው። በወቅቱ የነበሩትን ፈተናዎች ሁሉ አልፏል። ያ ጠርዝ መንገድ ላይ ስንት ሚሊሜትር ቢነሳ ይበዛል የሚል ቁጥር አልነበረም። ዳኛ በምን ይፍረድ?

ማክላረን ከኤፍአይኤ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ክንፉን በጥቂቱ ለማስተካከል ራሱ ፈቃደኛ መሆኑን አሳወቀ። በሌሎች ቡድኖች ክንፍ ላይም ተመሳሳይ ንግግር እንዲደረግ እንደሚጠብቅ ጨምሮ ተናገረ። ቅጣት የለም፣ ጥፋተኛም የለም። «ሕጋዊ ከሆነ ለምን ተቀየረ» ለሚለው መልሱ ይህ ነው፦ ፈተናውን አልፏል፣ መርሁን ግን ተፈታትኗል። ፈተናው ደግሞ ሊጠብቅ እንደሚችል ሁለቱም ወገን ያውቃል።

እዚህ ላይ የእርስዎን ወገን ይዤ ራሴን ልሞግት። ኤፍአይኤ በመርሁ ብቻ ቀጥቶ አያውቅም ወይ? ያውቃል። በ2014 አቡ ዳቢ ላይ የሬድ ቡል ሁለቱም መኪኖች ከማጣሪያው ውጤት ተሰርዘዋል። ምክንያቱ የፊት ክንፎቻቸው ፍላፖች (የላይኛዎቹ ቁራጮች) በአየር ግፊት እንዲታጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው የሚል ነው። 5ኛ እና 6ኛ የነበሩት ሪካርዶና ፌተል ከፒት ሌን (ከመኪና መጠገኛው መስመር)፣ ከሁሉም ኋላ ተነሱ። ሪካርዶ 4ኛ፣ ፌተል 8ኛ ሆነው ጨረሱ። ታዲያ ማክላረን ለምን ቀረለት?

ልዩነቱ ማስረጃው ይመስለኛል። አቡ ዳቢ ላይ ክፍሉ ራሱ ተመርምሮ፣ አሠራሩ ታይቶ፣ ጉዳዩ በዳኞች ፊት ቀርቦ ነው የተወሰነው። ባኩ ላይ የነበረው የቪዲዮ ምስል ነው። የካርቦን ንብርብር ተፈልቅቆ ካልታየ ሆን ተብሎ መሠራቱን ማረጋገጥ አይቻልም። ከዚያም በላይ ማንም ቡድን ተቃውሞ አላቀረበም። ጊዜያዊ ውጤት ከታወጀ በኋላ ተቃውሞ የሚቀርበው በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ያ ደቂቃ አለፈ። የፒያስትሪ ድል ሊነካ የማይገባው ለዚህ ነው። ሰው በሮጠበት ቀን ባልነበረ ፈተና መዳኘት የለበትም።

ግን ጉዳዩ በዳኞች ፊት አለመቅረቡን አልወድደውም። የምር አልወድደውም። የምክንያት ወረቀት የለም፣ የተለካ ነገር የለም፣ ሌሎች ቡድኖች ምን እንደተባሉ ለተመልካች አልተነገረም። ከዚህ የባሰም አይተናል። በ2020 የካቲት ማብቂያ ላይ ኤፍአይኤ የፌራሪን ሞተር ምርመራ በስምምነት ዘጋሁት ብሎ አወጀ፣ ዝርዝሩንም ምስጢር አደረገው። የፌራሪን ሞተር የማይጠቀሙት ሰባቱ ቡድኖች በአንድ ድምፅ ተቆጡ። ፌራሪ አጥፍቶ ከሆነ ቅጣቱ አልታወቀም። አላጠፋም ከሆነ ስሙ አልጸዳም። ሁለቱም ወገን ተበደለ። የአድልዎ ወሬ የሚበቅለው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው፣ ወሬውን ለሚያወራው ደጋፊም አልፈርድበትም።

ሁለተኛው ጉድለት ጊዜው ነው። በ2010 የሬድ ቡል የፊት ክንፍ በፍጥነት ጊዜ ወደ አስፋልቱ ሲጠጋ በፎቶ ታየ። ከቤልጂየም ውድድር ጀምሮ የሚጫነው ክብደት ከ50 ወደ 100 ኪሎ እጥፍ ሆነ። ሬድ ቡል እሱንም አለፈ፣ በዓመቱ መጨረሻም የሾፌሩንም የቡድኑንም ዋንጫ ወሰደ። የፈተናው መጠን ቢጨምርም የሚፈተነው ነጥብ ከታወቀ ዲዛይነሩ መንገድ እንደሚያገኝ ያኔ ታየ።

በ2021 ደግሞ ሃሚልተን ስፔን ላይ የሬድ ቡል የኋላ ክንፍ ይታጠፋል ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ኤፍአይኤ አዲስ ፈተና አወጣ፣ የሚጀምረው ግን ጁን 15 ሆነ። በመሐል የባኩ ውድድር ነበር፣ ያውም ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ጋዝ ተረግጦ የሚኬድበት። መርሴዲስ እዚያ ተቃውሞ ላቀርብ እችላለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። ያን ቀን ግን የሬድ ቡሉ ቨርስታፐን እየመራ ሳለ ጎማው ፈነዳ። ሃሚልተንም ውድድሩ ተቋርጦ ዳግም ሲጀመር ፍሬን አምልጦት ከመንገድ ወጣ። ሁለቱም ነጥብ ሳያገኙ ቀሩ፣ ተቃውሞውም ሳይቀርብ ቀረ። አስቡት፣ ሁለቱ ተፎካካሪዎች በዚያ ክንፍ ተያይዘው ቢጨርሱ ኖሮ የዓመቱ ዋንጫ ፍርድ ቤት ሊገባ ይችል ነበር። አንድ ነገር ስህተት ነው ተብሎ ከታመነ በኋላ አንድ ትልቅ ውድድር ያልፈው ማለት ለከሳሹም ለተከሳሹም አይበጅም።

በ2025 የተሻለ አሠራር አየሁ። ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ የኋላ ክንፉ ላይ 75 ኪሎ ሲጫን ክፍተቱ ከ2 ሚሊሜትር በላይ እንዳይለወጥ ተደረገ። ሁለተኛው ውድድር፣ ቻይና፣ ላይ ወደ 0.5 ሚሊሜትር ወረደ፣ ለዚያ ውድድር ብቻ ትንሽ መቻቻል ተጨምሮበት። ይህ መቸኮል ነው፣ አልደግፈውም። የፊት ክንፉ ግን በሥርዓት ተያዘ። በጥር ለሁሉም ተነገረ፣ ከስፔን ውድድር ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። በሁለቱም በኩል 100 ኪሎ ሲጫን የሚፈቀደው 15 ሚሊሜትር ወደ 10 ወረደ። ቡድኖቹ የሠሩትን ክንፍ ሳይጥሉ ለመዘጋጀት ወራት አገኙ። የወጪ ጣሪያ ባለበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ውጤቱስ? ብዙ ሰው ማክላረን ይወድቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። ባርሴሎና ላይ የማክላረኖቹ ፒያስትሪ 1ኛ፣ ኖሪስ 2ኛ ወጡ። ሃሚልተን ይህ ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነበር ብሎ ተበሳጨ። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። አዲሱ ፈተና ማንንም ለመጣል መውጣት አልነበረበትም። በአንድ ቀን፣ በአንድ መለኪያ፣ ሁሉም ላይ መዋሉ ይበቃል። የመኪናው ፍጥነት ከክንፉ መታጠፍ ብቻ እንዳልነበረም ያኔ ግልጽ ሆነ።

አሁን ደግሞ ራስዎ እንዲያዩት አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራው ራሱ መኪናው ላይ ነው የተሰካው፣ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ክንፉን ከመንገዱ ወይም ከአድማሱ ጋር አያነጻጽሩ። የላይኛውን ቁራጭ ጫፍ ይዘው ከጎኑ ካለው ቋሚ ሳህን ጋር ያስተያዩት። በአንድ ጊዜ ብድግ ካለ ዲአርኤስ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ቀስ በቀስ ከተነሳና ፍሬን ሲያዝ ከተመለሰ የአየሩ ሥራ ነው። በ2021 ኤፍአይኤ ያደረገው ይህንኑ ነው፣ ክንፎቹ ላይ ነጠብጣብ ምልክት አስለጥፎ በኋላ ካሜራ ነጠብጣቡን ተከተለ። እና የሚወዱትን ቡድን መኪናም እንዲሁ ይመልከቱት፣ እሱም ይታጠፋል።

ከ2026 ጀምሮ ዲአርኤስ ቀርቷል። የፊቱም የኋላውም ክንፍ በሕግ ተፈቅዶ ለኩርባና ለቀጥታ መንገድ ሁለት አቋም ይይዛል። የተፈቀደውን እንቅስቃሴ ካልተፈቀደው መለየት በዓይን ከቀድሞው ይከብዳል። ስለዚህ መለማመድ ከፈለጉ የባኩውን ቪዲዮ መልሰው ይክፈቱት። በቀጥታው መንገድ ማብቂያ ላይ፣ ፍሬኑ ከመያዙ በፊት ባሉት ጥቂት ሰከንዶች፣ የክንፉን ጫፍ ብቻ ይዩ።